ዡ ሺ ከቡድሂዝም ሰረቀ ወይስ ቡድሂዝምን ሞገተ? (ክርክር)

ብራና፦ ትናንት እዚሁ «ዡ ሺ የመነኮሳቱን ትምህርት ሰርቆ የኮንፊሽየስን ካባ አለበሰው» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ ተናድጃለሁ። ይህ የቻይና የኮንፊሽየስ ትምህርት ፈላስፋ (1130–1200 እ.ኤ.አ.) ዓለም ባዶ ነው ለሚሉት፣ አባትና ልጅን፣ ንጉሥና ሹምን የሚያስተሳስረው «ሊ» (የነገሮች ሁሉ መሠረታዊ ሥርዓት) እውን ነው ብሎ ሲሞግት የኖረ ነው። ሌባ የሰረቀውን ዕቃ በአደባባይ ይነቅፋል?

ፍሬ ነገር፦ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ አላነሳውም። ተቃውሞን ማየት ከፈለጉ የታንግ ዘመኑን ሹም ሃን ዩን ይመልከቱ፤ በ819 የቡድሃ አጥንት ቤተ መንግሥት መግባቱን ነቅፎ በመጻፉ ወደ ሩቁ ደቡብ፣ ወደ ቻኦዡ፣ ተጋዘ። ዡ ሺ ግን በወጣትነቱ የቻንን (በተመስጦ መቀመጥንና ድንገተኛ መገለጥን የሚያስተምረውን የቻይና ቡድሂዝም ወገን) ትምህርት የቀሰመ፣ በኋላም ተማሪዎቹን ጸጥ ብሎ መቀመጥን የመከረ ሰው ነው። ይህንንም ከጥንቱ የኮንፊሽየስ ትምህርት ሊቅ ከሜንሲየስ አገኘው ሊሉን ነው?

ታዛቢ፦ «ሰርቆ» ላይ ስትጨቃጨቁ መጽሐፉ ተረሳ። «ታላቁ ትምህርት» በጥንቱ «የሥርዓት መጽሐፍ» ውስጥ የነበረ አንድ ምዕራፍ ነው። ዡ ሺ አውጥቶ ከአራቱ የኮንፊሽየስ ትምህርት መሠረታዊ መጻሕፍት አንዱ አደረገው፤ ቅደም ተከተሉን አዛወረ፤ አንድ የማብራሪያ ክፍል ጠፍቷል ብሎም 134 የቻይና ፊደላት ከራሱ ጨመረ። ይህ ንባቡን ማረም እንጂ ትርጓሜ አይደለም።

ፍሬ ነገር፦ የተጨመረውስ ምን ይላል? ሰው ነገሮችን እየመረመረ ብዙ ከደከመ በኋላ፣ አንድ ቀን በድንገት ሁሉም ይገለጥለታል! ድንገተኛ መገለጥ የማን ትምህርት እንደሆነ ወንድም ብራና ይንገሩን።

ብራና፦ «ብዙ ከደከመ በኋላ» የሚለውን ዘለሉት። የቻን መምህራን በመጽሐፍ ላይ መመካትን ሲነቅፉ፣ እሱ በንባብና በምርምር ድከሙ አለ። ደግሞም ክፍሉን የጨመረው ከእሱ በፊት የነበረውን የኮንፊሽየስ ትምህርት ሊቅ የቼንግ ዪን ሐሳብ ተከትሎ መሆኑን እዚያው ገልጿል፤ የደበቀው ነገር የለም።

ታዛቢ፦ በግልጽ መጨመሩ ጭማሪውን አሮጌ አያደርገውም። የሚንግ ዘመኑ የኮንፊሽየስ ትምህርት ፈላስፋ ዋንግ ያንግሚንግ በ1518 የቀድሞውን ንባብ ያሳተመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብራና፦ ዋንግን ምስክር አደረጉት? እሱን ራሱን «የተሸፈነ ቻን» እያሉ የከሰሱት እኮ የዡ ሺ ወገኖች ናቸው!

ፍሬ ነገር፦ እንግዲህ ሁሉም በአንድ ወንጀል ተካሰዋል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ቻይናዊው ሊቅ ዳይ ዠን ደግሞ ዡ ሺን ራሱን የቡድሂዝምንና የዳኦይዝምን ሐሳብ ከጥንቱ ትምህርት ጋር ቀላቅሏል ብሎ ከሷል። እሱም ዡ ሺን አላነበበም ይበሉና እንረፍ።

ብራና፦ አንብቧል፤ ግን ዳይ ዠንን ያስቆጣው ባለሥልጣናት «ሊ»ን ደካማውን መጨቆኛ ማድረጋቸውም ነው። ሞንጎሎች ቻይናን በገዙበት ዘመን፣ በ1313፣ የዡ ሺ ትርጓሜ የመንግሥት ፈተና መሠረት እንዲሆን ታወጀ፤ ፈተናው እስኪቀር እስከ 1905 ድረስም ሹመት የሚሻ ሁሉ ያንኑ ሲያጠና ኖረ። ለዚህ ተጠያቂው ቤተ መንግሥቱ ነው።

ታዛቢ፦ ተፈታኞቹ ያጠኑት ግን 134ቱን ፊደላት ጨምረው ነው፤ ለዚህ አሁንም መልስ አልሰጡኝም።