ኤክሴል ያገኘውን ስም ዓይኔ ይስታል

የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። የታካሚዎችን ስም ከወረቀት መዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጠን አሁን 6,400 ረድፍ ደርሷል፤ ካርድ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ። ታካሚው ስሙን ሲነግረኝ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኜ እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙ ወዲያው ያገኘዋል። የተገኘውን የሚያሳየኝ ግን ስሙ ባለበት ሳጥን (ሴል) ዙሪያ ያለች አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቻ ናት። መስኮቴ ወደ ሐይቁ ያያል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ያቺን መስመር የማያት በእጄ ጋርጄ ነው። ስሙን ካየሁ በኋላም ካርድ ቁጥሩን ለማንበብ ዓይኔ ወደ ግራ ሲሄድ ረድፍ ይስታል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፋ ቆማ ሳለ አንድ ረድፍ ከፍ ብዬ አነበብኩና የሌላ ልጅ ካርድ አወጣሁ። ነርሷ ዕድሜው አልገጥም ሲላት መለሰችው እንጂ ሕፃኑ በሌላ ልጅ የሕክምና ታሪክ ሊታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስደግፌ ነው የማነበው፤ ሰልፉ ግን በጣም ይረዝማል። ያለን ኤክሴል 2016 ነው። የተገኘው ስም ከነረድፉ ደምቆ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ስሙ ሲገኝ የመፈለጊያውን ሳጥን በኤስኬፕ ይዝጉትና ሺፍትና ስፔስን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ይመረጣል። ማይክሮሶፍት 365 ቢኖራችሁ ኖሮ ቪው ሥር ፎከስ ሴል የሚባል አለ፤ የተገኘውን ሴል ረድፍና አምድ ራሱ ያቀልማል። 2016 ላይ የለም።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

እህቴ፣ እኔ አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ፤ የዕቃ ቁጥሮቹ በአንድ አኃዝ ብቻ ስለሚለያዩ ችግርዎ ይገባኛል። ከሠንጠረዡ ውጭ አንድ ባዶ ሴል፣ ለምሳሌ ጂ 1ን፣ መፈለጊያ ያድርጓት፤ ስሙን እዚያ ሲጽፉ የሚገጥመው ረድፍ እንዲቀልም እናደርጋለን። ከርዕሱ በታች ያለውን ሠንጠረዥ በሙሉ ይምረጡና ሆም ሥር ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ከዚያ ኒው ሩል ይግቡ፤ ከሚመጡት ምርጫዎች የመጨረሻውን፣ ፎርሙላ የሚጻፍበትን፣ ይውሰዱ። የእኩል ምልክት፣ ሰርች የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ ከፍተው ጂ 1ን ይጫኑ፣ ኮማ፣ የመጀመሪያውን ታካሚ ስም ይጫኑ፣ ቅንፍ ይዝጉ። አሁን ልብ ይበሉ፦ የስሙ ሴል ሁለት የዶላር ምልክት ይዞ ይገባል። ከፊደሉ ፊት ያለውን ይተዉት፤ ከቁጥሩ ፊት ያለውን ያጥፉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ካልጠፋ ሁሉም ረድፍ በመጀመሪያው ስም ብቻ ይመዘናል። ከዚያ ፎርማት ገብተው ቀለም ይምረጡ። ቢጫ አይሁን፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከነጭ አይለይም። ደማቅ ብርቱካናማ ይሻላል።

የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠርቷል፤ ረድፉ ከካርድ ቁጥሩ እስከ ስልኩ አንድ ወጥ ሆኖ ይታየኛል። ሦስት ነገር ግን ቸገረኝ። ጂ 1 ባዶ ስትሆን ሠንጠረዡ በሙሉ ብርቱካናማ ይሆናል። የተገኘው ሰው አምስት ሺኛው ረድፍ ላይ ከሆነ ቀለሙን ፍለጋ ወደ ታች እወርዳለሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ኃይሉ» ብዬ ስጽፍ «ሀይሉ» ተብለው የተመዘገቡት አይወጡም። መዝገቡን የገለበጥነው አራት ሰዎች ነን፤ እያንዳንዳችን በለመድነው ፊደል ነው የጻፍነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

ለመጀመሪያው፣ ሥራ ሲያቆሙ ጂ 1 ውስጥ ሠንጠረዡ ላይ የሌለ ምልክት፣ ለምሳሌ #፣ ይተዉ። ለፊደሉ፣ በሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ የእንግሊዝኛውን የጥያቄ ምልክት ያስገቡ። «?ይሉ» ብለው ቢጽፉ ኃይሉም፣ ሀይሉም፣ ሐይሉም ይመጣሉ፤ «?ናይት» ሲሉ ሠናይትና ሰናይት አብረው ይወጣሉ። ኤክሴል ያንን ምልክት «አንድ ማንኛውም ፊደል» ብሎ ነው የሚያነበው።

ወደ ታች መውረዱን የሚያስቀርልዎ ማጣሪያ ነው። ከሠንጠረዡ አንድ ሴል ላይ ሆነው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል ይጫኑ፤ የስም አምድ ራስ ላይ የምትመጣውን ቀስት ከፍተው ስሙን እዚያው ይጻፉ። የጥያቄ ምልክቱ እዚያም ይሠራል። የሚገጥሙት ረድፎች ብቻ ይቀራሉ፤ ሦስት ኃይሉዎች ካሉ ሦስቱን ጎን ለጎን አይተው በዕድሜና በቀበሌ ይለዩአቸዋል።

ቀጣዩን ታካሚ በኮንትሮልና ኤፍ የሚፈልጉ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማጣሪያውን ያንሱ፤ እነዚያኑ ሦስት ቁልፎች እንደገና መጫን ይበቃል። ሳይነሳ ከቀረ በማጣሪያው የተደበቁትን ረድፎች ሳያይ «የለም» ይልዎታል፤ ካርድ ላለው ሰው ሁለተኛ ካርድ ይከፈትለታል።