እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ታይላንድ፦ ውሻዬን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሰሞኑን መምህራንን ከሚያስቀጥር ድርጅት በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ኮን ኬን በምትባል ከተማ በወር 28,000 ባት የሚከፈልበት ሥራ ቀርቦልኛል። «በቱሪስት ቪዛ ግቢ፤ የሥራ ፈቃዱን ከገባሽ በኋላ እናስተካክለዋለን» ብለውኛል። በዚያ አካባቢ የሚያስተምር ወገን ካለ ኑሮውንና ሥራውን እንዲያካፍለኝ እለምናለሁ። ሌላው፣ ቡቺ የሚባል ውሻ አለኝ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናቴ «እኔ አለሁለት፣ ሂጂ» ትለኛለች፤ እኔ ግን ትቼው መሄድ ከብዶኛል።

መልስ፣ ከኮን ኬን

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው አንቺ በጠራሻት ከተማ ነው፤ የማስተምረውም በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ውሾችና አንዲት ድመት አሉኝ። ስለዚህ ጥያቄሽ በሁለቱም በኩል ይመለከተኛልና ሰፋ አድርጌ ብመልስ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ የቪዛው ጉዳይ። «በቱሪስት ቪዛ ግቢ» ያለሽን ሰው እሺ አትበዪው። እዚህ ለማስተማር ኖን ኢሚግራንት ቢ የሚባለው ቪዛ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ወይም ድርጅቱ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ ይልክልሻል፣ አንቺም ከመነሣትሽ በፊት ቪዛውን ትጠይቂያለሽ። ከገባሽ በኋላ የሥራ ፈቃድ ይወጣል፤ ኩሩሳፋ ከተባለው የመምህራን ምክር ቤትም ጊዜያዊ የማስተማር ፈቃድ ይጠየቃል። ያለ ሥራ ፈቃድ ሲያስተምር የተገኘ ሰው ከ5,000 እስከ 50,000 ባት ይቀጣል፣ ከአገር ይባረራል፣ ለሁለት ዓመትም የሥራ ፈቃድ አያገኝም። ቀጣሪውም ቅጣት አለበት፤ ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቆመው ግን መምህሩ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተጎዱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን እዚያው እያለሽ አረጋግጪ። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጀምረሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ጨርሺው። ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃም ያዢ። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን እንግሊዝኛ ስላልሆነ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይጠይቁናል፤ እዚህ በብዛት የሚታወቀው ቶይክ ሲሆን 600 ነጥብና ከዚያ በላይ ማምጣት ይኖርብሻል። ይህን ሁሉ ከዚህ ሆኖ በዘመድ በኩል ማስፈጸም ለአንቺም ለዘመድሽም መከራ ነው።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። 28,000 ባት በኮን ኬን ያኖራል። ዳር ያለች ትንሽ ቤት ተከራይተሽ፣ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዝተሽ፣ በየመንገዱ ዳር ከሚሸጠው ምግብ እየበላሽ ትኖሪያለሽ። ለቤተሰብ የሚላክ ብዙ ግን አይተርፍም። ደግሞም የትምህርት ዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ተጀምሮ በማርች ስለሚያልቅ ብዙ አስቀጣሪዎች የሚፈርሙት የአሥር ወር ውል ነው። እነዚህ በኤፕሪል አይከፍሉም። ስለዚህ ደመወዝሽን በአሥር አባዢና ለአሥራ ሁለት አካፍዪው፤ 23,333 ባት ይመጣል። ልታወዳድሪው የሚገባሽ ይህንን ቁጥር ነው።

ስለ ፓስፖርትም እውነቱን መስማት አለብሽ። አንድ ዓይነት ክፍል የሚያስተምሩ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት የሚገቡ ሁለት መምህራን እንደ ፓስፖርታቸው የተለያየ ደመወዝ ያገኛሉ። ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ የመጣው፣ በማስተማር የሠለጠነ ባይሆን እንኳ፣ ከፊሊፒንስ ወይም ከካሜሩን ከመጣው ባለሙያ በላይ ይከፈለዋል። የቆዳ ቀለምም ይታያል፤ ከማመልከቻ ጋር ፎቶግራፍ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ በደል ነው፤ በትሕትናም ሆነ በዝምታ መሸፈን የለበትም። እኔ ያየሁት መፍትሔ የማሳያ ትምህርት ልስጥ ብሎ መጠየቅ ነው። ክፍል ውስጥ ገብተሽ ስታስተምሪ ያየሽ ርእሰ መምህር ፎቶግራፍሽን ብቻ ካየው ጸሐፊ የተለየ ውሳኔ ይሰጣል።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ባንዲራ ይሰቀላል። የሕዝብ መዝሙሩ በዚያች ሰዓት በመላ አገሪቱ ስለሚሰማ በገበያና በአውቶቡስ መናኸሪያ ያለው ሰውም ባለበት ይቆማል። (ሁለት ሰዓት ያልሁት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የሚገርምሽ ግን በገጠር ያሉ አዛውንት የማለዳውን ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥሩታል፤ በዚህ ነገር የሰፈሬ ባልቴቶች ቶሎ ወዳጆቼ ሆነዋል።) በአንድ ክፍል ከአርባ በላይ ተማሪ ታገኛለሽ፤ ይህ ለኢትዮጵያ መምህር ብርቅ አይደለም። እንግዳ የሚሆንብሽ ዝምታው ነው። ክፍሉ በኅብረት ሲመልስ ጣሪያ ይነቀንቃል፤ አንዱን ለብቻው ስትጠይቂው ግን አንገቱን ደፍቶ ጓደኛው ጀርባ ይሸሸጋል። በሰው ፊት መሳሳት ትልቅ ኀፍረት ነው። መልሱን መጀመሪያ ከጎኑ ላለው ልጅ በጆሮው እንዲነግረው፣ ቀጥሎ ለአራት እንዲወያዩበት፣ በመጨረሻ ለክፍሉ እንዲናገሩ ሳደርግ ነው አፋቸው የተፈታው።

እዚህ ላይ የእኛ ብርታት ይታያል። እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ የሰሙት የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልጅ «ትናንት እሄዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ለምን እንዲህ እንደሚሳሳት አይገባቸውም። በታይኛ ግስ በጊዜም በባለቤትም አይለዋወጥም፤ «ትናንት» ከተባለ ጊዜው ታውቋል። ቋንቋውን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማረ መምህር ግን ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ያያል፣ ምክንያቱም እሱም በዚያው አልፏል። ይህንን ለርእሰ መምህሩ ንገሪው፤ እንደ ጉድለት ሲያነሡብሽ አንቺ እንደ ሙያ አቅርቢው።

ተማሪ አይወድቅም። ፈተና የወደቀ ልጅ እስኪያልፍ ድረስ በድጋሚ ይፈተናል፣ ውጤቱ ላይ የማለፊያ ነጥብ ይጻፋል። ይህ የሚያጠና ልጅን ልብ የሚሰብር አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ልትለውጪው ግን አትችዪም፤ የራስሽን መዝገብ በትክክል ያዢ።

ጾም የምትጾሚ ከሆነ አትስጊ። ቢጫ ሰንደቅ ላይ በቀይ «ጄ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት ከእንስሳት የተገኘ ነገር አይገባበትም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይጨምሩም። ከዚያ ውጭ ባለ ምግብ ቤት ግን አትክልት ነው ብለው የሚያቀርቡልሽ አብዛኛው የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም አለበት። የአካባቢው ሰው የሚጣበቀውን ሩዝ በእጁ እየቆረሰ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከአንድ ሳሕን አብሮ ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ብቸኛ ወራት ያቀለለልኝ ይህ ነው።

አሁን ስለ ቡቺ።

እዚህ አገር ውሻ በየቦታው አለ። በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በገዳማቱ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚወጣባቸው የሱቅ በሮች ላይ ተጋድሞ ታገኚዋለሽ። ሕዝቡ ርኅሩኅ ነው፤ ከቤቱ የተረፈውን ሩዝ ሳይሰጥ አያልፍም። የሚያበላው ሁሉ ግን ባለቤቱ አይደለም፤ ክትባቱንና ማምከኑን የሚወስድ ኃላፊ ሲጠፋ ቡችሎቹ ይበዛሉ። በፈረንጆቹ 2003 በፑኬት የተመሠረተው ሶይ ዶግ የተባለ ድርጅት የመንገድ ውሾችን እያመከነና እየከተበ ወደ ቦታቸው ይመልሳል፤ ትልቅ ሥራ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ እዚህም አለ። ከመምጣትሽ በፊት መከላከያውን ተከተቢ። ከተነከስሽ ወይም ከተቧጨርሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ክትባቱ በመንግሥት ሆስፒታሎች ይገኛል። ክትባቱን በጥቂት በጥቂቱ ቆዳ ውስጥ በመውጋት ወጪውን የሚቀንሰው ዘዴ የወጣው ከዚሁ አገር፣ ባንኮክ ካለው የታይ ቀይ መስቀል ተቋም ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሐኪሞቻቸው የታመኑ ናቸው።

የእኔን የመጀመሪያ ውሻ ያገኘሁት እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ባለቤቱ ከሌላ አገር የመጣ መምህር ነበር። ማርች ላይ ውሉ ሲያልቅ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ወደ ጃፓን ሄደ። ጃፓን የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት አገር ለሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ)፣ ሁለት ክትባትና የደም ምርመራ ትጠይቃለች፤ ከምርመራው በኋላም 180 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ይህንን ያወቀው ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነው። ውሻዋን ከነማሰሪያዋ ገዳም በር ላይ ትቷት ሄደ። መነኮሳቱ አበሏት፤ የግቢው ውሾች ግን አልተቀበሏትም፣ ሳገኛት ጆሮዋ ተዘንጥሎ ነበር። በየዓመቱ በማርች መጨረሻ እንዲህ ያለ ነገር ይደጋገማል። የአሥር ወር ውል ይዞ ለአሥራ አምስት ዓመት የሚኖር ፍጥረት ቤት ማስገባት ያለ ዕቅድ የሚደረግ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ቡቺን አታምጪው። ብዙ አፓርታማ ውሻ አይቀበልም፤ ግቢ ያለው ቤት እስክታገኚ ጊዜ ይወስዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቡቺ የለመደው ያንን ብርድ ነው። እዚህ በኤፕሪል ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታና በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚመጣው የልብ ትል በየወሩ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል። እናትሽ «አለሁለት» ካሉ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። የእሱን ወጪ ግን በእናትሽ ላይ አትጣዪ፤ በየወሩ ላኪ፣ ክትባቱም አይቋረጥ።

ሁለተኛ ውል ከፈረምሽና ቤት ከያዝሽ በኋላ ማምጣት ይቻላል። ማይክሮቺፕ፣ ከጉዞው ቢያንስ 21 ቀን ቀደም ብሎ የተሰጠ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀትና ከታይላንድ የእንስሳት ልማት መምሪያ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አስተያየት፣ ከፍራንክፈርት

ወንድማችን ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ድመቴን ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን አምጥቻለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቅደም ተከተሉን ይመለከታል፦ ማይክሮቺፑ ከክትባቱ ይቀድማል፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰድና ኅብረቱ ባጸደቀው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ (IU/ml) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንሥቶ ደግሞ ሦስት ወር ትጠብቂያለሽ። ክትባቱን በጊዜው ካደስሽ ምርመራው መደገም የለበትም። ስለዚህ እህቴ፣ ቡቺ እናትሽ ዘንድ እያለ ማይክሮቺፑንና ክትባቱን አሁን ጀምሪለት። ከታይላንድ ወደ የት እንደምትሄጂ ማን ያውቃል?

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለድርጅቱ ያለ ኖን ቢ እንደማልመጣ ዛሬ ጽፌላቸዋለሁ። ለእናቴም ነገርኋት፤ ቡቺን ዛሬ ገና ምሳ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ አብልታዋለች። በእረፍት ጊዜ ላየው መምጣት እችላለሁ?

መልስ፣ ከኮን ኬን

ትችያለሽ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከባንኮክ አዲስ አበባ ይበራል። ከመውጣትሽ በፊት ግን ከኢሚግሬሽን የመመለሻ ፈቃድ አውጪ፤ ለአንድ ጊዜ 1,000፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። ያለ እሱ ከወጣሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ ይሰረዛል፣ ሁሉንም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። በየ90 ቀኑ አድራሻ ማሳወቅም አትርሺ።

ወደፊት ቡቺ እዚህ ሲከተብ ሐኪሙ በደብተሩ ላይ 2568 ወይም 2569 ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የታይ ዘመን ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል። በፈረንጆቹ ቀን ጭምር እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፤ ሌላ አገር ያለ ተቆጣጣሪ የማያውቀውን ዓመት ሲያይ ወረቀቱን ይመልሳል።

ውሉ ሲደርስሽ የድርጅቱን ስም ሸፍነሽ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን፤ መጀመሪያ የምንፈልገው ስለ ኤፕሪል ክፍያ የሚለውን አንቀጽ ነው።