የመጪውን ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ አዝማሚያ ለማወቅ 30 ሺህ ብር እንክፈል ወይስ አንክፈል?

ደብረ ማርቆስ፣ ማርና ቅቤ ነጋዴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ እቁብ ላይ የተነሳው ነገር ሳያልቅ ተበተንን። ላልነበራችሁ ላስረዳ። አንድ የማስታወቂያ ባለሙያ «በመጪው ዓመት በማኅበራዊ ሚዲያ ምን ይገናል» የሚል ሥልጠና ልስጣችሁ ብሎናል። ዋጋው 30 ሺህ ብር ነው። ከጋራ ገንዘባችን ይከፈል የሚሉ አሉ። እኔ አይከፈል ባይ ነኝ።

ገበያ አይተነበይም አላልሁም። እኔም በየዓመቱ እተነብያለሁ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ቅቤ የሚጠይቀኝ የለም። የፋሲካ ሳምንት ደግሞ ስልኬ አያርፍም። ለጥር ሠርግ ጠጅ የሚጥል ሰው ማሩን የሚገዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ የማር ቪዲዮ በጥር ብለቅ ሙሽራው ቤት ጠጁ ደርሷል፣ እኔ ዘግይቻለሁ። ይህን የሚነግረኝ የቀን መቁጠሪያዬ ነው።

የማይተነበየው የመድረኮቹ ነገር ነው። ቫይን የሚባል የ6 ሰከንድ ቪዲዮ መተግበሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር ብዙ ተብሎለት ነበር፤ በ2017 ተዘጋ። እዚያ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ነጋዴ ምን ቀረለት?

ባሕር ዳር፣ የሐበሻ ልብስ ሻጭ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የራስዎ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ቫይን ሞተ እንጂ አጭር ቪዲዮ አልሞተም። ቲክቶክ በእሱ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንስታግራም ሪልስን አመጣ፣ ዩቲዩብም ሾርትስ ብሎ ተከተለ። መተግበሪያው ይቀያየራል፣ የሰው ዓይን የለመደው ነገር ግን ይቀጥላል። ያን ቀድሞ ያየ ሰው ይጠቀማል።

እኔ የቀሚስ ፎቶ በፌስቡክ ገጼ ላይ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። ተከታዩ አለ፣ የሚያየው ግን መነመነ። ለካ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከንግድ ገጾች ይልቅ የጓደኛና የቤተሰብ ጽሑፍ አስቀድማለሁ ብሎ በይፋ ተናግሯል። እኔ አልሰማሁም። ከዚያ አንድ ቀን ሸማኔያችንን ሲሠራ ቀረጽሁት። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ። ሙዚቃ የለውም፣ የእቃው ድምፅ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ያለች ሴት ሦስት ቀሚስ አዘዘች፤ ብሩን እዚህ ያለችው እህቷ ከፈለችኝ። ያን ቪዲዮ ከሦስት ዓመት በፊት ብሠራው ብዬ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ቢቸና፣ ጤፍ በጅምላ፦
ልጄ፣ ቪዲዮሽን አይቼዋለሁ፣ እጅሽን ይባርከው። ግን በየካቲት 2015 የሆነውን እናስታውስ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ በአንድ ጊዜ ተዘጉ። የተዘጋውን የሚያስከፍተውን መተግበሪያ፣ ቪፒኤንን፣ የማያውቅ ደንበኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ። ሐምሌ ላይ ተከፈተ ስንል፣ ብዙም ሳይቆይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ራሱ ተቋረጠ። ያኔ የትኛው ባለሙያ ተንብዮልን ነበር?

እኔን ያተረፈኝ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው። የገዥዬ ስም፣ ስልኩ፣ የሚወስደው ጤፍ፣ ማኛ ይሁን ነጭ ይሁን ሰርገኛ፣ ሁሉም ተጽፏል። ጥሪ በሠራ ቀን ደወልሁ። ገንዘቡን በቴሌብር *127# ብለው ላኩልኝ፤ እሱ ዳታ አይፈልግም። ደብተሬን ማንም አይዘጋብኝም።

እንጅባራ፣ የማርኬቲንግ ተማሪ፦
የደብረ ማርቆሱ ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ሥልጠናው ላይ ይነገራል የተባለው አብዛኛው በነፃ ይገኛል። ጉግል ትሬንድስ ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ በወርና በአገር ያሳያል። የአማርኛ ቃል ስታስገቡ ብዙ ጊዜ በቂ መረጃ የለም ይላል እንጂ። ለእኛ የሚሻለው የፌስቡክ የማስታወቂያ ማኅደር (Ad Library) ነው፣ ለማንም ክፍት ነው። ተፎካካሪያችሁ አሁን ምን ማስታወቂያ እያሠራ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረው ታያላችሁ። ማስታወቂያው ወራት ከቆየ እያተረፈለት ነው ብዬ እገምታለሁ። ማንም ገንዘቡን ሜዳ ላይ አይበትንማ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የማር ምስል አሁን በየገጹ ሞልቷል። ወርቅ የመሰለ ማር፣ ያልነበረ ቀፎ። ገዥው መጠራጠሩ አይቀርም፤ እውነተኛ ፊት፣ እውነተኛ እጅ፣ እውነተኛ ሚዛን ካላየ አይገዛም። ትንበያ ካላችሁኝ የእኔ ይሄ ነው። ደግሞ አትከፍሉበትም።

ፍኖተ ሰላም፣ በርበሬ ነጋዴ፦
እኔ ይከፈል ባይ ነኝ። ለመማር የወጣ ብር አይቆጨኝም። ስልክ ይዤ መቅረጽ እንኳ አልችልም። በርበሬዬ ሲቀረጽ ቡናማ ይመስላል፣ ሰው የከረመ ነው ይለኛል። ዘንድሮ የገባ ዛላ በርበሬ ነው!

ደብረ ማርቆስ፣ ማርና ቅቤ ነጋዴ፦
እቴ፣ አንቺ የምትፈልጊው እኮ ትንበያ አይደለም። ብርሃን ያለበት ቦታ አውጥተሽ መቅረጽ ነው። ያን የባሕር ዳሯ ልጃችን በግማሽ ቀን ታሳይሻለች። አያ፣ የእርስዎ ደብተር ግን ልቤን ነክቶታል። የእኔ ደንበኞች ቁጥር ያለው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስልኩ ቢሰረቅ ባዶ እጄን ነኝ።

ባሕር ዳር፣ የሐበሻ ልብስ ሻጭ፦
ማስተማሩን በደስታ። ግን አንድ ነገር ልበል። ደብተር የነበረን ደንበኛ ይይዛል፣ አዲስ አያመጣም። ቨርጂኒያ ያለችው ሴት ስልኳ በማንም ደብተር ውስጥ አልነበረም። የሚመጣውን አንመልከት ካልን ሁሌም የድሮ ደንበኛችን ላይ ብቻ እንቀራለን።

ቢቸና፣ ጤፍ በጅምላ፦
እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ቪዲዮው ያምጣው፣ ደብተሩ ያስቀረው። የመጣ ሰው ሁሉ ስልኩ ይጻፍ። ያልሽው ሴት ስልኳ አሁን ተጽፏል?

ባሕር ዳር፣ የሐበሻ ልብስ ሻጭ፦
አልተጻፈም፣ አባባ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ማርና ቅቤ ነጋዴ፦
ሐሳቤን ላሻሽል። ባለሙያው መጥቶ ቀረጻና አርትዖት ካስተማረን፣ ዋጋውንም ከቀነሰ፣ እኔም እከፍላለሁ። መጪው ዓመት ምን ይገናል ለሚለው ግን አንድ ብር አላወጣም። ከተረፈው ገንዘብ ሁለት የስልክ ማቆሚያና አንድ ማይክ ይገዛ። በእያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ ስልካችን በትልቁ ይጻፍ።

ፍኖተ ሰላም፣ በርበሬ ነጋዴ፦
እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ሰውየውን ሳንሰማው ፈረድንበት። እሁድ ይምጣና ይናገር፣ ከዚያ እጅ እናውጣ።

ደብረ ማርቆስ፣ ማርና ቅቤ ነጋዴ፦
ይሁን፣ ይምጣ። ለነገሩ ማር ቆረጣው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፣ ለኅዳር ገዥ የሚሆነው ቪዲዮ ያን ቀን ካልተቀረጸ አመለጠን። ቀፎው ጓሮዬ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያላችሁ ያን ዕለት ማታ ኑ፣ ሻሽ አትርሱ፣ ንቦቹ ክፉ ናቸው።