ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው የሲን መጽሐፍ ያንብብ ወይስ ይለፈው?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኸው። የብራያን ከርኒሃንና የዴኒስ ሪቺ «ዘ ሲ ፕሮግራሚንግ ላንጉዌጅ» ዛሬም ለጀማሪ ይሰጥ? መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሁለተኛው እትም በ1988። ሪቺ ሲ (C) የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የፈጠረው ሰው ነው። እኔ ይነበብ ባይ ነኝ። ስለሚጠቅም ብቻ ሳይሆን ስለሚጥም።

ዌብ ሠሪ፦ አልስማማም። ሥራ የሚፈልግ ልጅ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ይያዝ። ሲ ላይ ሜሞሪ ራስህ ትጠይቃለህ፣ ራስህ ትመልሳለህ። ጀማሪ በዚህ ተማርሮ ይተወዋል።

መምህር፦ ተማሪዎቼን የሚያማርራቸው ሲ ሳይሆን የመጽሐፍ ውፍረት ነው። ሁለተኛው እትም 272 ገጽ ነው። ምዕራፍ 1ን ተመልከቱ። ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ የሚቀይር ሠንጠረዥ አለ፤ ከ0 እስከ 300፣ በ20 እየዘለለ። መጀመሪያ በሙሉ ቁጥር ይሠሩታል፤ ውጤቱ በደንብ አይገጥምም። ቀጥለው በአስርዮሽ ያስተካክሉታል። ከዚያ ዋይል የሚባለውን ሉፕ (ሥራን የሚደጋግም ትእዛዝ) ትተው ፎር በሚባለው ይጽፉታል። ሠንጠረዡ ያው ነው፤ በየዙሩ የሚጨመረው ግን ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ተማሪውን እንዲህ የሚያከብር መጽሐፍ ብዙ አላየሁም።

አወያይ፦ የኔ ደግሞ ምዕራፍ 5 ነው። ጽሑፍን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚገለብጥ ትንሽ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለ። መጀመሪያ በአሬይ (በተርታ በተቀመጡ ፊደላት)፣ ቀጥሎ በፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ቫሪያብል)፣ ከዚያ እያጠረ እያጠረ ይሄዳል። በመጨረሻ የሉፑ ውስጥ ባዶ ይቀራል፤ ሥራው በሙሉ ሁኔታውን በሚፈትሸው መስመር ላይ ያልቃል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ፊደል በፊደል ተከተልኩት። ሲገባኝ የተሰማኝን ደስታ ቪዲዮ ሰጥቶኝ አያውቅም።

የሴኪዩሪቲ ባለሙያ፦ ጣጣው እኮ እሱ ፈንክሽን ነው! ጽሑፉ የሚገለበጥበት መድረሻ ይብቃ አይብቃ አይጠይቅም። በ1988 መጨረሻ የሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔትን ሲያውክ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ «ጌትስ» የሚባለው የሲ ፈንክሽን ነበር። እሱም መድረሻው ስንት እንደሚይዝ ሳያውቅ ያነባል። በ2011 ከቋንቋው ስታንዳርድ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ልማድ በውበት ስም ለጀማሪ ማስተማር አደጋ ነው።

መምህር፦ ስጋትህ ልክ ነው። ግን ምዕራፍ 1 ላይ መስመር የሚያነበው ፈንክሽናቸው ከፍተኛ ልክ ይቀበላል። ከሱ አጠገብ ያለው ገልባጭ ላይ ደግሞ መድረሻው በቂ ነው ብለን እንያዝ የሚል ማስታወሻ አለ። ክፍል ውስጥ የምቆመው እዚያ ላይ ነው። «ባይበቃስ?» እላለሁ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ዝም አይሉም።

ዌብ ሠሪ፦ መምህር፣ እርስዎ አጠገባቸው ስላሉ ነው። ብቻውን የሚያነበውስ? ደራሲዎቹ ራሳቸው መቅድሙ ላይ የጀማሪ መማሪያ አይደለም ብለዋል። ቫሪያብል፣ ሉፕና ፈንክሽን ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ነው የጻፉት።

ተማሪ፦ እኔ የያዝኩት ፓይተን ከተማርኩ በኋላ ነው። በጣም ነው የወደድኩት። ምዕራፍ 8 ላይ ሜሞሪ የሚያድለውን ማሎክን ራሱን ይጽፉታል። ሁላችንም የምንጠቀምበት ነገር ጥቂት ገጽ ላይ ተዘርግቶ ሳየው ሌላውንም ከፍቼ ለማየት ደፈርኩ። መደበኛው የፓይተን ኢንተርፕሪተር (የፓይተንን ኮድ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የተጻፈው በሲ ነው፤ አሁን እሱን እያነበብኩ ነው።

ዌብ ሠሪ፦ ከፓይተን በኋላ ከሆነ አልከራከርም። መጀመሪያ ላይ ግን አይሆንም።

አወያይ፦ ያው መቅድም እኮ ጀማሪም ተከትሎ ቋንቋውን ሊይዝ ይችላል ይላል፤ የበለጠ የሚያውቅ ባልደረባ ካገኘ ደግሞ ይረዳዋል። ስለዚህ ብቻውን የጀመረ ካለ እዚህ ይጻፍልን። ከምዕራፍ 1 ጀምረን መልመጃዎቹን አብረን እንሠራለን።