ጭሱን መልሶ ነዳጅ ማድረግ ያዋጣል?

መነሻው ጥያቄ፦ ታዳሽ ኤሌክትሪክ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ነዳጅና ኬሚካል ለመቀየር ይዋል ወይስ አይዋል?

ናሆም፦ አይዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ አመድ ነው። አመዱን መልሶ እንጨት ለማድረግ፣ ሲነድ የሰጠውን ጉልበት ሁሉ ከነወለዱ መክፈል ግድ ነው። እንዲህ በተሠራ ነዳጅ መኪና ብትነዱ፣ ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ጎማው ጋ የሚደርሰው 15 ገደማ ነው። በባትሪ ቢሆን ከ70 ያልፋል።

ሳራ፦ ስለ መኪና አልከራከርህም። አውሮፕላንስ? አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ኪሎ ባትሪ ሩቡን ቢይዝ ነው፤ የአንዷን ኪሎዋት ሰዓት ሩብ ማለቴ ነው። በዚህ ውቅያኖስ ይሻገራል? የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2050 ከአውሮፕላን ነዳጁ 35 በመቶው እንዲህ የተሠራ ይሁን ብሎ ደንግጓል።

ናሆም፦ መደንገግ ምን ይከብዳል! የዴንማርኩ የኃይል ኩባንያ ኦርስቴድ ስዊድን ውስጥ የጀመረውን እንዲህ ያለ የሜታኖል (ለነዳጅ የሚሆን አልኮል) ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ትቶት ወጣ። በሚያዋጣ ዋጋ ለዓመታት የሚገዛው አጣ።

ቢኒ፦ ሁለት መንገድ እየቀላቀላችሁ ነው። አንዱ፣ ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሜታኖል ማድረግ ነው። ይሄ ይሠራል። አይስላንድ ውስጥ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ በሚወጣ ጋዝ በዓመት 4,000 ቶን እንዲያመርት ፋብሪካ ተሠርቷል። ሁለተኛው፣ ጋዙን ቀጥታ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት ብረት) ላይ መቀየር ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ዮሺዮ ሆሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መዳብ ይህን እንደሚችል አሳየ። ግን መዳብ አመል የለውም፤ ኤቲሊን (የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ) ስትጠብቁ ሜታን፣ ኤታኖልና ፎርሚክ አሲድ ደባልቆ ይሰጣችኋል። መለየቱ ሌላ ወጪ ነው። ብር፣ ማዕድኑ ማለቴ ነው፣ ይሻላል፤ በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ደግሞ በዚህ መንገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙው፣ ነዳጅ ሳይሆን ካርቦኔት የሚባል ውህድ ሆኖ ይባክናል፤ ጨው እየሠራም ኤሌክትሮዱን ይደፍነዋል። ይሄ ጨው ስንቱን ተመራማሪ አሳብዷል!

ሜሮን፦ ጋዙ ከየት ይምጣ? ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ከሆነ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ይለቀዋል። ዘገየ እንጂ መች ቀረ?

ሳራ፦ ካርቦኑ ሁለት ጊዜ ሠራ እኮ። በእሱ ፈንታ የሚወጣው ድፍድፍ መሬት ውስጥ ቀረ።

ሜሮን፦ እሺ፣ ቅነሳው በማን ስም ይመዝገብ? ሲሚንቶውም አየር መንገዱም «እኔ ነኝ የቀነስኩት» ካሉ አንዱ ዋሽቷል።

ሳራ፦ እንግዲያው ከአየር ይወሰዳ!

ቢኒ፦ አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ብቻ ነው። ከጭስ ማውጫ ከመውሰድ በጣም ይከብዳል፣ ጉልበትም ይበላል።

ናሆም፦ ሌላ ኤሌክትሪክ አምጣ በሉኛ!