ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ የሚጠፋ ኮምፒውተር

የድሮው አይቲ (ጅማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍሎፒ ዲስክ በመሐረብ ጠቅልለው «ሰነዴን አውጣልኝ» የሚሉኝን ዘመን አልፌያለሁ። ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ፤ አትሳቁብኝ።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። መዝገብ ቤታችን ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለ። ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ጠዋት እንደ ልብ ይሠራል። ከቀኑ 9 ሰዓት ከምናምን ሲሆን ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ወዲያው ይነሳል፤ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይደግመዋል። 10 ሰዓት ካለፈ ሰላም ነው። ይኸው ክረምት ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነን።

ያደረግሁትን ልዘርዝር፣ መልሳችሁ እንዳትልኩኝ። ፓወር ሰፕላይ ቀይሬያለሁ። ራሙን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ ጠርጌያለሁ። ፋኑን በብሎወር ነፍቼ የፕሮሰሰሩን ፔስት አድሻለሁ፤ ሙቀቱ 50 ዲግሪ አይሞላም። ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን ሣጥን) ከፍቼ ባትሪውን በቴስተር ለካሁት፤ 12.7 ቮልት፣ ደህና ነው። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የገጠመውን የሚመዘግብበት) ላይ ያለው ከርነል ፓወር 41 ብቻ ነው። እሱ ደግሞ «በወጉ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ከማለት በቀር ምንም አይነግረኝም።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ በአንድ ሳምንት ሦስት ደብዳቤ ጠፋባት። ትናንት «ጋሼ፣ ጠበል እንርጭበት ይሆን?» አለችኝ። ቀልድ ነው። ፊቷ ግን አይስቅም።

ፍላሹ፦

ጋሼ ፎርማት ያድርጉት፣ ይገላገሉ። ዊንዶውስ 10 እንደሆነ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ቆሟል። 11 ይጫኑበት።

የድሮው አይቲ፦

ልጄ፣ ድጋፉ ቆመ ማለት የደህንነት ማሻሻያ አይመጣም ማለት ነው እንጂ 9 ሰዓት ላይ ይጠፋል ማለት አይደለም። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ይህ ማሽን የለውም። ፎርማቱንም አልቀረሁም፣ ባለፈው ወር አድርጌዋለሁ። የአማርኛ መጻፊያውን ቪዥዋል ግዕዝን መልሼ እስክጭን ድረስ የስንት ዓመት ደብዳቤ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ኃላፊው «የአማርኛ ሰነዳችንን አጠፋኸው» ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጉዳዩ ፎንት ነበር።

ጠጋኝ ከመርካቶ (ጅማ)፦

ማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ፈልግ። እኔ ሱቅ ከሚመጡት ብዙዎቹ እሱ ነው።

የድሮው አይቲ፦

አይቻለሁ ወንድሜ፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው።

ሒሳብ ክፍል፦

እኔ ቴክኒሻን አይደለሁም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን የተበላሸ ዕቃ ሰዓት አያውቅም። 9 ሰዓት ላይ እናንተ ቢሮ ማን ምን ይሰካል? እኛ ጋ ትልቁ ፕሪንተር ሲጀምር አምፖሉ እንኳ ደንገዝ ይላል።

የድሮው አይቲ፦

እህቴ፣ ጅማ ተቀምጬ 9 ሰዓት ላይ ምን ይሰካል ትይኛለሽ? ቡና ነዋ! ጎን ካለው ክፍል ይፈላል። ድሮ በከሰል ነበር። ክረምት ገብቶ ከሰሉ እርጥበት ሲይዝ ባለ 2000 ዋት ምድጃ ገዙ። ግን እዚያው መዝገብ ቤት ያለው ሌላ ኮምፒውተር አይጠፋም እኮ። እሱ እንዲያውም ዩፒኤስ የለውም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦

ጋሼ፣ መልሱን ራስዎ ጻፉት። ዩፒኤስ የሌለው አይጠፋም፣ ያለው ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጎኑን ቢያዩት ብዙ ጊዜ 100–240 ቮልት ይላል። መስመሩ ወደ 170 ቢወርድም ችሎ ይሠራል። ዩፒኤስ ግን ጠባቂ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ተራው ወደ 180 አካባቢ ሲወርድ «መብራት ሄደ» ብሎ ወደ ባትሪ ያዞራል። ባትሪው ከሞተ መብራቱ ሳይሄድ እሱ ያጠፋዋል።

12.7 ያነበቡት ያለ ጭነት ነው። የደከመ ባትሪ ሥራ ካልሰጡት ሙሉ ነው የሚመስለው። ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል ያብሩበትና እንደበራ ይለኩ። ጤነኛ ከሆነ ከ12 ብዙ አይወርድም። ደግሞ ልጅቷን ይጠይቁልኝ፤ ከመጥፋቱ በፊት ከዩፒኤሱ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማለች?

የድሮው አይቲ፦

ጠየቅኋት። «አዎ፣ ሁልጊዜ ቀጭ ይላል» አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? «አልጠየቁኝማ!»

የድሮው አይቲ (ከሁለት ቀን በኋላ)፦

ውጤቱን ላምጣ። አምፖሉን ስሰካበት ባትሪው ከ12.7 ወደ 8.9 ወረደ። ጎኑን ሳየው ሆዱ ገፋ ብሏል። የገዛሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ ስድስት ዓመት አልፎታል። ሌላውን ሁሉ ሳበጥር እሱን በአንድ ቁጥር አሳለፍኩት፤ በእጄ የገባ ዕቃ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ጠዋት 208። ከሰዓት 192። ጀበናዋ ተጥዳ ምድጃው ሲሰካ 176። ወዲያው ቀጭ!

ኤሌክትሪሺያኑ፦

ባትሪውን ይቀይሩ። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር የሚባለው ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። ግን እዚያ አያቁሙ። አንድ ምድጃ 9 አምፔር ያህል ነው የሚስበው። ለዚያ 16 ቮልት መውረድ በዝቷል። የሆነ ቦታ የላላ ማያያዣ አለ፣ እሱ ደግሞ ይግላል። ምድጃውን ዛሬውኑ ያስነቅሉና ጀንክሽን ቦክሱን በባለሙያ ያስከፍቱ። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

የድሮው አይቲ፦

አስከፈትነው። የሽቦው ልባስ ቡናማ ሆኖ ተሰባብሯል፤ ሽታውን አልነግርህም። ከኋላው ያለው ግድግዳ በወረቀት ፋይል የተሞላ መደርደሪያ ነው። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ማያያዣው ተቀየረ። ለምድጃው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው መስመር ሊወጣለት ነው።

ሒሳብ ክፍል፦

ከዚሁ ሳልወጣ፦ ሌዘር ፕሪንተራችንን ዩፒኤሱ ላይ ብንሰካውስ? ደግሞ ሰሞኑን ወረቀት እየነከሰ አስቸገረን።

ጠጋኝ ከመርካቶ (ጅማ)፦

ፕሪንተሩን በፍጹም! ማሞቂያው ሲነሳ የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ አይቻልም። ግድግዳው ላይ ሰኩት። ወረቀቱ ደግሞ ከዝናቡ ነው፤ እኔ ጋም በክረምት የሚመጣው ፕሪንተር ግማሹ ጤነኛ ነው። እሽጉን ከፍታችሁ አትተዉት፣ ሲመሽ ትሪው ላይ የተረፈውን ወደ ላስቲኩ መልሱ። ሮለሩንም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት።

ፍላሹ፦

ጋሼ፣ ቡናውስ ቀረ?

የድሮው አይቲ፦

ኧረ ማን አስቀርቶት! መስመሩ እስኪወጣ በረንዳ ላይ በከሰል ነው። ጭሱ በመስኮት ስለሚገባ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው፤ «አንተ ነህ ምድጃችንን የነቀልከው» ይሉኛል። አዲሱን ባትሪ ትናንት አስገባሁ። ዛሬ 9 ሰዓት ከ20 ላይ መዝገብ ቤት ገብቼ አጠገቡ ቆምኩ። አልጠፋም። ልጅቷ ግን አሁንም አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር ሴቭ ታደርጋለች።