ቀዶ ሕክምና ለማይቻልበት የቆሽት ካንሰር የሚሞከረው የኤሌክትሪክ መርፌ፤ ለአባቴ ይሆን ይሆን?

የዘጌ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዘጌ ላይ ቡና እያለሙ የሚኖሩ የ63 ዓመት ሰው ናቸው። በቅርቡ ዓይናቸው ቢጫ ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ሲቀጠቅጥላቸው ሰነበተ። ሕመም አልነበራቸውም፤ ሽንታቸው ግን ጠቆረ፣ ሰገራቸው ነጣ፣ ሌሊት ሌሊትም ክንዳቸውን እስኪደማ ያክኩ ጀመር። ባሕር ዳር አምጥተናቸው ሲቲ ስካን ሲነሡ የቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ ታየ፤ ናሙናውም ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። ቀዶ ሐኪሙ እንደነገሩን ዕጢው ለአንጀት ደም የሚያደርሰውን ትልቅ የደም ቧንቧ ስለከበበው አሁን ሊወጣ አይችልም፤ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ግን አልተሰራጨም።

ውጭ አገር ያለችው እኅቴ፣ ሆድ ሳይከፈት በመርፌ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሕክምና በዚህ ካንሰር ላይ እየተሞከረ መሆኑን ከነገረችን ወዲህ የቤተሰቡ ተስፋ በሙሉ እሱ ላይ ሆኗል። ቤት ሸጠን ወደ ሕንድ እንውሰዳቸው የሚሉ ዘመዶች አሉ። ይህ ሕክምና በእርግጥ ቀዶ ሕክምናን ይተካል? ሙከራውስ እስካሁን ምን አሳየ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አባታችንን ይማርልን። የሚሉት ሕክምና ናኖናይፍ በተባለ መሣሪያ የሚሰጠው ነው። ከሁለት እስከ ስድስት የሚደርሱ ቀጫጭን መርፌዎች በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ እየታዩ ዕጢውን ዙሪያውን ይተከላሉ፤ ከዚያም እስከ 3000 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ፣ እያንዳንዱ ምት ከሰከንድ ዐሥር ሺኛ በማይበልጥ ቅጽበት፣ ደጋግሞ ይለቀቃል። ይህም የካንሰሩን ሕዋሳት ሽፋን ተመልሶ በማይዘጋ ሁኔታ ይበሳሳዋል፤ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ዋናው ጥቅሙ የሚገድለው በማቃጠል አለመሆኑ ነው። በሙቀት የሚሠሩት ዘዴዎች በትልቅ የደም ቧንቧ አጠገብ ሲሆኑ ወይ ቧንቧውን ይጎዳሉ፣ ወይ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይወስድባቸዋል፤ ይህኛው ግን የቧንቧውን አካል በአብዛኛው ስለማያፈርሰው፣ እኛ ቢላ ልናስገባ የማንደፍርበት ቦታ ላይ እንዲሞከር ምክንያት ሆኗል።

የቀዶ ሕክምና ምትክ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዕጢው ሊወጣ የሚችል ሰው የቆሽቱ ራስ ከዱዮዲነሙ (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ)፣ ከሐሞት ከረጢቱና ከሐሞት ቱቦው ክፍል ጋር በዊፕል ቀዶ ሕክምና ይወጣለታል፤ ለመዳን ተስፋ የሚሰጠው እስከ ዛሬም እሱ ነው፤ ምንም እንኳ በምርመራው ጊዜ ለዚህ የሚበቁት ከአምስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ብቻ ቢሆኑም። የኤሌክትሪኩ መርፌ በዋናነት የተሞከረው እንደ አባትዎ ዕጢው ሳይሰራጭ የደም ቧንቧ ለከበበባቸው፣ ያውም ኬሞቴራፒ አስቀድሞ ተሰጥቷቸው በሽታው ላልገፋባቸው ሕሙማን ነው።

ውጤቱን ሳልሸሽግ ልንገርዎ። ክሮስፋየር የተባለው የኔዘርላንድ ጥናት 68 ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ግማሾቹን በዚህ መርፌ፣ ግማሾቹን ደግሞ በኤም አር አይ በተመራ ያነጣጠረ ጨረር አክሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት ሕሙማኑ ዕጣው ከወጣበት ቀን አንሥቶ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ በመርፌው 12.5፣ በጨረሩ 16.1 ወር ሆነ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም፤ ጥናቱም መርፌው የበለጠ ሆኖ ሊገኝ እንደማይችል ሲታይ ተቋረጠ። መርፌው ምንም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ቤት ተሽጦ ሊፈለግ የሚገባው ነገር መሆኑን ግን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ነርስ፣ የካንሰር ክፍል

ዶክተር ባሉት ላይ አንድ አጣዳፊ ነገር ልጨምር። ከሕንዱ ጉዞ በፊት ሐሞቱ መፍሰስ አለበት። ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ስለዘጋው ነው አባታችን ቢጫ የሆኑትና የሚያሳክካቸው። ቢጫነቱ ሳይወርድ ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በሙሉ መጠናቸው ሊሰጡ አይችሉም፤ ደማቸውም ቶሎ የማይረጋ ይሆናል። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው መሣሪያ፣ ሐሞቱን የሚያሳልፍ ትንሽ ቱቦ ይገባላቸዋል፤ ይህ ካልተመቸ ሐሞቱን በቀዶ ሕክምና ወደ አንጀት ማዞር ይቻላል። ቱቦውን ሲያስገቡ የፕላስቲክ ይሁን የብረት ጠይቃችሁ በወረቀት አስጽፉ፤ የፕላስቲኩ በወራት ውስጥ ስለሚደፈን መቀየር አለበት፤ የብረቱ ደግሞ በመርፌዎቹ አጠገብ ሙቀት ሊፈጥር ስለሚችል ወደፊት የሚያክማቸው ሰው ማወቅ አለበት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመራቸው ሳታድሩ ሆስፒታል አምጧቸው፤ የታፈነ ሐሞት ሲመረዝ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉንም አሁን አስቁሙት፤ ጉበታቸው ሌላ ሸክም አይችልም።

የሽምብጥ ነዋሪ

ወንድሜ፣ የእናቴ ሕመም ይኸው ነበር። እኛም «ሆድ ሳይከፈት» የሚለው ቃል ስቦን ነበር፤ በኋላ እንደተረዳነው ሙሉ ማደንዘዣ አለው፣ የደም መፍሰስና የቆሽት መቆጣት ሊያስከትል ይችላል፣ አንዳንድ ቦታም ሆድ ተከፍቶ ነው የሚሰጠው። ገንዘቡን ለኬሞቴራፒ፣ ለምግብና ለሕመም ማስታገሻ አዋልነው። እናቴ ፋሲካን ከልጅ ልጆቿ ጋር በገዛ ቤቷ ውላለች፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ሌላ ቢመርጡ አልፈርድም፤ አባትዎን ግን ሳይጠይቁ ቤት አይሽጡ።

የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቱቦውን ለማስገባት ቀጠሮ ይዘናል። አባቴንም ጠየቅኋቸው፤ ከቡናቸው ርቀው መሞት እንደማይፈልጉ፣ የሚረዳቸው ከሆነ ግን አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ አልፎ አልፎ ልባቸው ምቱ ይዛባል፤ ይህ ለመርፌው እንቅፋት ይሆናል?

ቀዶ ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩ የሚለቀቀው ከልብ ምት ጋር ተናቦ ስለሆነ፣ የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሙከራው ይገለላሉ፤ የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላቸውም እንዲሁ። ለቱቦው ሲመጡ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሡ፤ ለማደንዘዣውም ቢሆን ያስፈልጋል። ከዚያ ኬሞቴራፒውን ይጀምሩ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲቲ ስካኑ ይደገም። ዕጢው ከደም ቧንቧው ከሸሸ ወደ እኛ ወደ ቀዶ ሐኪሞች ይመለሳሉ፤ ባለበት ከቆመ ስለ ጨረር ከጥቁር አንበሳ ሐኪሞች ጋር ተመካከሩ። ሲሄዱ የሁለቱንም ሲቲ ስካን ሲዲ ይያዙ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።